ለኮምፒውተር የተጠራ አውጫጭኝ

ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል። ስሜን ሲጠይቁኝ እንኳ መልሱ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ወረቀት ግን አያየኝም፤ ስለዚህ እጽፋለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነውና አጻጻፌ ቢጎድል እለፉኝ። ነገሩን ግን አልሳሳትም፤ የዚያን ቀን እያንዳንዷን ሰዓት እስከ ዛሬ ይዣታለሁ።

ስሜ ትርንጎ ነው። ትውልዴ ከገሳይ ወረድ ብሎ ነው። ያን ጊዜ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ደብረ ታቦር ገበያው አጠገብ ባለ አንድ ጥልፍ ቤት እሠራ ነበር። ወደዚያ ያስገባችኝ እትየ ዘነበች ናት። የአገሬ ሰው ናት፤ በእናቴ ዕድሜ ትሆናለች። ከተማ የገባሁ ቀን አንቱ ብላት "አንቱ አትበይኝ፤ ታላቅ እህትሽ ነኝ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንቺ እያልኳት፣ በአንዲት ክፍል ቤቷ አንድ አልጋ ላይ አብሬያት እየተኛሁ ሁለት ዓመት ኖርኩ።

የጥልፍ ቤቱ ባለቤት ጋሽ አስማረ ይባላሉ። ለአብያተ ክርስቲያናት መጎናጸፊያና መጋረጃ፣ ለሙሽራ ካባ እናወጣለን። ድሮ ሥራው ሁሉ በእጅ ሳለ እትየ ዘነበች የቤቱ ምሰሶ ነበረች። በኋላ ጋሽ አስማረ በኮምፒውተር የሚታዘዝ፣ ዐሥራ ሁለት መርፌ ያለው ያገለገለ ማሽን ገዙ። ማሽኑ ከገባ ወዲህ ለእትየ ዘነበች የቀረላት ከጨርቁ ጀርባ የተረፈ ክር መቁረጥና ጠርዙ ላይ ዘርፍ መስፋት ብቻ ሆነ። ዓይኗም ደክሞ ነበር። ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ሲያቅታት ጋሽ አስማረ እንዳያዩ ከጀርባዬ ተከልላ መርፌውን ወደ እጄ ታስጠጋለች። እኔም ሰክቼ እመልስላታለሁ። የእኔ ሥራ ማሽኑ ላይ ክር መቀየር፣ ሲበጠስ መቀጠል፣ ቤቱን መጥረግ ነው።

ኮምፒውተሩን የሚሠራው ሀብታሙ ነው። ዲፕሎማ አለው። በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ "ዲዳዋ" ነው የሚለኝ። "ዲዳዋ፣ ቀይ ክር። ዲዳዋ፣ ዘይት።" እኔም ዝም ብዬ አቀብለዋለሁ።

የማወራላችሁ ነገር ግልጽ እንዲሆንላችሁ ስለ ኮምፒውተሩ ትንሽ ልንገራችሁ። ማሽኑን የሚያዝዘው ፕሮግራም አሮጌ ስለሆነ አዲሱ ላፕቶፕ ላይ አልሠራም አለ። ከባሕር ዳር አንድ ቴክኒሻን መጥቶ ላፕቶፑ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ሠራ። ይኼኛው አካል የለውም፤ ስክሪኑ ላይ በአንድ መስኮት ውስጥ ይታያል እንጂ አይዳሰስም። ግን የራሱ አሮጌ ዊንዶውስ፣ የራሱ ስም፣ የራሱ የኔትወርክ አድራሻ አለው። እኛ "ውስጠኛው" እንለዋለን። ሀብታሙ ጥልፉን በውጭኛው፣ ማለት በላፕቶፑ በራሱ፣ ይስላል፤ በኔትወርክ አድርጎ ውስጠኛው ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል፤ ውስጠኛው ደግሞ ማሽኑን ያዝዛል። በፍላሽ ማሻገር አይቻልም። ፍላሽ ሁለት ጊዜ ቫይረስ አስገብቶ ስላበላሸው ቴክኒሻኑ ያንን በር ጨርሶ ዘግቶታል።

ቴክኒሻኑ በሠራባቸው ሁለት ቀናት ሀብታሙ ለቅሶ ሄዶ ነበር። ጠረጴዛው ሥር የስልክ መብራት የያዝኩለት እኔ ነኝ። እየሠራ ብቻውን ማውራት የሚወድ ሰው ነው። "ይህን ሰማያዊ ገመድ ታያለሽ?" አለኝ። "ውስጠኛው ኔትወርክ የሚያገኘው በዚህ ገመድ ላይ ተደርቦ ነው። ገመዱ ቢነቀል ውጭኛው በዋይፋይም በምንም ብሎ ሌላ መንገድ ያገኛል። ውስጠኛው ግን ካልነገሩት በቀር ገመዱን ሲጠብቅ ይኖራል። ጎረቤት ሆነው አይተያዩም።" ቀጥሎ ሌላ መንገድ የሚነገርበትን ምልክትና አድራሻውን የሚያወጡትን ስምንት ፊደላት አሳየኝ፤ ደግሞ አዲስ ኔትወርክ ሲገባ ውስጠኛው የሚያወጣቸውን ሦስት ሥዕሎች አሳየኝ፦ ቤት፣ ፎቅ፣ አግዳሚ ወንበር። "ቤቱን ንኪ። አግዳሚውን ከነካሽ መንገድ ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል፤ የመጣውን ሁሉ ባዳ አድርጎ በሩን ይዘጋል።"

ከዚያ መልሼ እንድነግረው ጠየቀኝ። ነገርኩት። "ጎበዝ" አለኝ። ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ቀኑ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው፤ ለነሐሴ ዐሥራ ስድስት አራት ቀን ቀርቶታል። ለአንዲት የገጠር ደብር ንግሥ የታቦት መጎናጸፊያ ታዘን፣ ጠርዙን ጨርሰን መሐሉ ላይ ያለው መስቀልና የሰጪዎቹ ስም ብቻ ቀርቶን ነበር። ጠዋት በጭቃና በጉም እትየ ዘነበችን ተከትዬ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ሰማያዊውን ገመድ ነው። ተጠቅልሎ መጥረጊያው አጠገብ ወድቋል። ቀና ስል መደርደሪያው ላይ አዲስ ነጭ የዋይፋይ ሳጥን ተቀምጧል፤ አንቴናው ላይ ላስቲኩ አልተላጠም።

ጋሽ አስማረ ሳጥኑ ሥር ቆመው እጃቸውን ያፋትጋሉ። "ትናንት እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ነው ያስገባሁት። በገዛ እጄ። እስኪ ሞክረው ሀብታሙ።"

ሀብታሙ ከፈተው። "ኧረ ይበርራል ጋሼ። የትናንቱ ኤሊ ነበር።"

"አላልኩህም? ያ አሮጌ ሳጥን ከነገመዱ ይጣል።"

ሀብታሙ መስቀሉን ሊልክ ሞከረ፤ የውስጠኛው ፎልደር አልከፈት አለ። ደገመው። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ ውስጠኛውን በአድራሻው ጠራው። ለጥሪው አራት መስመር ነው የሚመጣው። ደህና ሲሆን አራቱም "ሪፕላይ" ብለው ይጀምራሉ፤ ያን ቀን አራቱም "ሪኩዌስት" ብለው ጀመሩ። ጠራሁት፣ አልመለሰም ማለት ነው። ላፕቶፑን አጥፍቶ አበራው። ውስጠኛውን ብቻውን አጥፍቶ አበራው። አራቱ መስመሮች እንደዚያው።

"ኔትወርኩ ይሆን?" አሉ ጋሽ አስማረ።

"ኔትወርክማ ይኸው፤ ቪዲዮ ሳይቀር ያለ ማቋረጥ ይከፍታል" አለ ሀብታሙ።

ስሕተታቸው እዚህ ላይ ነበር። ውጭኛው ከወትሮው የበለጠ ስለሮጠ፣ ያ ሳጥን ለጥፋት ይታሰባል ብሎ ማንም አልገመተም። እኔ ገመዱን በእጄ ይዣለሁ። "ገመዱ..." አልኩ።

ሀብታሙ ዘወር አለ። "ዲዳዋ ተናገረች? ምን አልሽ?"

"ገመዱ... ድሮ..."

"ገመዱን ጣይው ተብሏል። ክርሽን ጠብቂ።"

ጣልኩት አልልም። ጠቅልዬ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። አፌ ግን ተዘጋ።

ሦስት ሰዓት ሆነ፤ አራት ሰዓት አለፈ። ሀብታሙ ያልነካው ነገር የለም። ደረቱ በላብ ሲርስ ፊቱን ወደ እኛ አዞረ። "ጋሼ፣ ይኼ በራሱ የሆነ አይደለም። ሰው ነክቶታል። ትናንት እኔ ስወጣ ይሠራ ነበር።"

"ትናንት መጨረሻ የወጣው ማነው?" አሉ ጋሽ አስማረ።

ሁላችንም እናውቃለን። መብራት የምታጠፋው እትየ ዘነበች ናት።

"እኔ ኮምፒውተር በየት በኩል እንደሚከፈት መች አውቄ?" አለች እትየ ዘነበች።

"አለማወቅሽ አይደል ችግሩ" አሉ ጋሽ አስማረ። "ማሽኑ ከገባ ጀምሮ ፊትሽ ጠቁሯል። አላየሁም መሰለሽ? በታቦት ሥራ ላይ እንዲህ ያደረገ ሰው ዛሬ ከዚህ ቤት ይወጣል። ሃያ ዓመትም ይሥራ፤ ይወጣል።"

ምክንያት ሲፈልጉ እንደቆዩ ያን ጊዜ ገባኝ። እትየ ዘነበችም ገብቷታል። ከዚህ ከወጣች ዓይኗ የደከመ ጠላፊ የሚቀጥር ሌላ ሰው አታገኝም፤ ያላት ወደ ገጠር መመለስ ብቻ ነው። እኔን አየችኝ። እንድናገርላት የለመነችኝ መስሎኝ ልቤ ተነሣ። ግን ሦስት ሰው እያየኝ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ።

በዚህ መሐል መምሬ ይታየው ገቡ። መጎናጸፊያውን ሊወስዱ የመጡ የደብሩ ቄስ ናቸው፤ ጋቢያቸው በዝናብ ከብዷል። ጋሽ አስማረ መስቀላቸውን ተሳልመው የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው።

መምሬ ይታየው አሰብ አደረጉ። "በእኛ አገር ከብት ሲጠፋ፣ እህል ሲቃጠል ምን እንደምናደርግ ታውቃለህ" አሏቸው። "ሰው በግምት አይወነጀልም። አውጫጭኝ ይጠራል።"

አውጫጭኝ ለማታውቁት፦ ጥፋት ሲደርስ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ አጥፊው እስኪታወቅ ማንም አይወጣም። አንድ በአንድ ለሽማግሌው በጆሮ ይነግራሉ። ሽማግሌው የነገረውን ሰው አያወጣም። "ወፍ ነገረችኝ" ነው የሚለው። ጠቋሚው ታውቆ ባላጋራ እንዳይፈጠር ነው።

"ለኮምፒውተር አውጫጭኝ!" ብሎ ሀብታሙ ሳቀ። ጋሽ አስማረ ግን ደስ አላቸው። በሩ ከውስጥ ተቀረቀረ።

"ልጀምር፤ እኔም ልግባ?" አሉ ጋሽ አስማረ ወደ ጓዳው እያዩ።

"አንተ በዳይ የምትፈልግ ተበዳይ ነህ" አሏቸው መምሬ። "የተበደለ አይጠየቅም።"

ይህ ደንብ ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ትክክል ነው እላለሁ። ያን ቀን ግን ሳጥኑን ያስገባው፣ ገመዱን የነቀለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ደንቡ ያስቀረውም እሱን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሀብታሙ ገባ። ብዙ አልቆየም። ቀጥሎ እትየ ዘነበች ገባች። እሷ ቆየች። ስትወጣ አጠገቤ አልተቀመጠችም፤ ማሽኑ ማዶ ሄዳ ተቀመጠች።

ጓዳው ክር የምናከማችበት ጠባብ ክፍል ነው። መምሬ ይታየው የክር ካርቶን ላይ ተቀምጠዋል። ተንበረከክሁ። መጀመሪያ ላወራ የገባሁት ስለ እትየ ዘነበች ነበር፤ "እሷ አይደለችም አባቴ" ልል። አፌን ከመክፈቴ በፊት መምሬ ቀስ ብለው "ልጄ፣ ስምሽ ተጠርቷል" አሉኝ።

"የማን... የእኔ?"

"ሁለት ጊዜ።"

የምንጠየቀው ሦስት ሰዎች ነን። ከእኔ ሌላ የገቡት ሁለት ናቸው። መቁጠር ደግሞ በስድስተኛ ክፍል ትምህርትም ይቻላል።

መምሬ ትከሻዬን ነኩኝ። "ተናገሪ፤ እግዜርም ሰውም ይቅር ይላል።"

"ማንም አልነካውም አባቴ" አልኳቸው። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። "አዲሱ ሳጥን ሲገባ ገመዱ ተነቅሎ ነው። ውስጠኛው ገመዱን እየጠበቀ ነው። ላስተካክለው እችላለሁ።"

አልገባቸውም። "ታስተካክይዋለሽ?" አሉ ብቻ።

"አዎ።"

ያን ጊዜ የተስፋዬ ብዛት አሁን ያሳፍረኛል። ማሽኑ ተነሥቶ ሁሉም በዓይኑ ካየ፣ ስሜ መጠራቱም ይረሳል ብዬ ነበር። እትየ ዘነበችም ፈርታ ነው፤ ሰው ፈርቶ ያልሆነውን ይናገራል አልኩ። ወጣሁ።

"ወፍ ምን አለች መምሬ?" አሉ ጋሽ አስማረ።

"ይህች ልጅ ላስተካክለው እችላለሁ ትላለች። ትሞክር።"

ሀብታሙ ወንበሩን በእግሩ ገፋልኝ። "እሺ ኢንጂነር ዲዳ። ቀጥይ።"

ተቀመጥኩ። ማውሱን በሁለት እጄ ያዝኩት። የውስጠኛው መስኮት ግርጌ ላይ ያሉትን ትናንሽ ምልክቶች አየሁ፤ ሁለት ጥቃቅን ስክሪን የሚመስለውን ነካሁ። የኔትወርኩ ሴቲንግ ተከፈተ። የተደረበበት ነገር ስም አሁንም የገመዱ ነበር። ዝርዝሩን ስከፍተው ሁለት ስሞች አሉ፤ የገመዱን ትቼ ሌላኛውን፣ የዋይፋዩን መረጥኩ። ውስጠኛው ትንሽ አሰበና ሦስቱን ሥዕሎች አወጣ። ቤቷን ነካሁ። ከዚያ ውስጠኛው ላይ ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ ቴክኒሻኑ ያስጠናኝን ስምንት ፊደል አንድ በአንድ ጻፍኩ። አዲስ አድራሻ አወጣ፤ ከድሮው የተለየ። ቁጥሩን መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ ጽፌ ወደ ውጭኛው ተመለስኩና በዚያው ቁጥር ጠራሁት።

ሪፕላይ። ሪፕላይ። ሪፕላይ። ሪፕላይ።

ፎልደሩን በአዲሱ አድራሻ ከፈትኩት። መስቀሉን ጎትቼ አስገባሁት። ማሽኑ ጮኸ፤ መርፌው ነጭ ሐር ላይ ወረደ፤ የመጀመሪያው የወርቅ ክር ታየ።

የማሽኑ ድምፅ ብቻ ነበር። ሩብ ሰዓት አልፈጀሁም። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ራሴን ቀና አድርጌ አላውቅም።

መጀመሪያ የተናገረው ሀብታሙ ነው። "ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔ ሦስት ዓመት ተምሬ ከጠዋት ጀምሮ ያቃተኝን፣ ስድስተኛ ክፍል ያልዘለለች ልጅ በሩብ ሰዓት ከየት አመጣችው? የት እንደተቋጠረ ካላወቀች እንዴት ፈታችው?"

ጋሽ አስማረ ወደ እኔ ተጠጉ። "ከየት አወቅሽው?"

"ቴክኒሻኑ... መብራት ስይዝለት..."

"መብራት ይዘሽ ተማርሽ?"

"አዎ። ደግሞ ማንም አላበላሸውም። ገመዱ ስለተነቀለ ነው። ሳጥኑን ያስገቡት..." አልኩና ቆምኩ።

"ጨርሺው እንጂ" አሉ ጋሽ አስማረ። "ሳጥኑን ያስገባው ማነው?"

"እርስዎ ነዎት።"

ሳቁ። በጣም ሳቁ፤ ወደ መምሬ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ። "ሰሙልኝ? በገዛ ገንዘቤ፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ እጄ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ወፏ የጠራችው የእኔን ስም ነበር እንዴ መምሬ?"

"የአንተን አይደለም" አሉ መምሬ አንገታቸውን ደፍተው።

"ዘነበች" አሉ ጋሽ አስማረ። ሳቁ ጠፍቷል። "ይህች ልጅ ካልሆነች አንቺ ነሽ። ሌላ ሰው የለም። ትናንት መብራት ካጠፋሽ በኋላ ተመልሳ የገባች አለች?"

እትየ ዘነበች ጭኗ ላይ ያለውን ዘርፍ ታሻሽ ነበር። ትናንት ማታ ከእሷ ጋር አብረን ወጥተን፣ አንድ ጃንጥላ ሥር አብረን ሄደን፣ አብረን እንደተኛን እሷም ታውቃለች። "እትየ" አልኳት። ቀና አላለችም።

"ተመልሳ ገብታለች" አለች። "ጃንጥላ ረሳሁ ብላ።"

ጃንጥላው የእሷ ነበር።

መምሬ ይታየው ክፉ ሰው አይደሉም። አጠገቤ መጥተው "ልጄ፣ እመኚ። ካመንሽ እኔ ራሴ እለምንልሻለሁ፤ ትቆያለሽ" አሉኝ። የእሳቸው ደግነት ከሁሉ በላይ ጎዳኝ። እውነቱን ብናገር እባረራለሁ፤ ብዋሽ እቆያለሁ።

"አላደረግሁም" አልኩ።

"እንግዲህ" አሉና መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

የተባረርኩት ወዲያው አይደለም። ማሽኑን ያለ እኔ ክር የሚቀይርለት ሰው ስላልነበረ ጋሽ አስማረ "ለታቦት ነው፤ ጨርሰሽ ትሄጃለሽ" አሉኝ። ቆሜ ጨረስኩት። ጾም ነውና እህል አልቀመስንም። መስቀሉ ሲያልቅ የሰጪዎቹ ስም ተጠለፈ፤ ከሁሉም በታች ጋሽ አስማረ የራሳቸውን ስም አስጨመሩ። እያንዳንዷን ክር እኔ ነኝ የቀየርኩት። አንድም ጊዜ አልተበጠሰም።

ከመሄዴ በፊት ሀብታሙን እንዳስተምረው ታዘዝኩ። በክር ካርቶን ክዳን ላይ እየጻፈ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ምልክቷን አሳየሁት። ዝርዝሩን፣ አድራሻውን፣ ስምንቱን ፊደል ሁሉ አሳየሁት። ስለ ሥዕሎቹ አልነገርኩትም። ቤቷ ቀድማ ስለተነካች ያን ጊዜ እንደገና አልወጡም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ረሳሁ እንዳልላችሁ። አልረሳሁም።

ልብሴን ልወስድ እትየ ዘነበች ቤት ስደርስ ቀድማኝ ገብታ ልብሴን በነጠላ ጠቅልላ በሩ ላይ አስቀምጣዋለች። እሷ አልጋው ላይ ወደ ግድግዳው ዞራ ተቀምጣለች።

"አንቺ ልጅ ነሽ" አለችኝ ሳትዞር። "ሌላ ታገኛለሽ። እኔ ወዴት ልሂድ?"

"እኔ እኮ ላንቺ ልናገር ነበር የገባሁት" አልኳት።

"ታዲያ ጠዋት ለምን አልተናገርሽም?"

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ እመልሰዋለሁ፤ እስከ ዛሬም አይመለስልኝም። ገመዱ በእጄ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሁለት ቃል ብናገር ኖሮ አውጫጭኝም፣ ወፍም አይኖርም ነበር።

ጥቅልሌን ይዤ ወደ አንበሳሜ ሄድኩ። እዚያ ወይዘሮ ዘሐራ የምትባል የጨርቅ ነጋዴ ለመጥረግ ቀጠረችኝ። አንድ ቀን ኮምፒውተሯ ሲቆም ፈራ ተባ እያልኩ አስነሣሁላት። ከየት አወቅሽው አላለችኝም። "ነገ ደግሞ የወንድሜን ታዪልኛለሽ" ነው ያለችኝ። ዛሬ እዚያው ሱቋ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ አለኝ። ሰዎች ያመጡልኛል፤ እሠራለሁ። ብዙ አላወራም።

ሁለት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ። እትየ ዘነበች ነበረች። በሹክሹክታ ታወራለች፤ ከበስተጀርባዋ የጋሽ አስማረ ድምፅ ይሰማኛል።

"ትርንጎዬ፣ ጓዳ ውስጥ ሆኜ ነው። ሳጥኑ ተቃጥሎ ሌላ ተገዛ፤ ያ ነገር እንደገና ቆመ። ሀብታሙ ካርቶኑ ላይ የጻፈውን ሁሉ አደረገ። እንቢ አለ። በሩ ተዘግቷል። ስሜን ጠርተውታል ልጄ።"

"አዲሱ ሳጥን ሲገባ ሦስት ሥዕሎች አልወጡም?" አልኳት።

ሄዳ ጠይቃ ተመለሰች። "ወጥተዋል ይላል። አግዳሚ ወንበር ያለበትን ነካሁ፤ ሦስቱም ያው ናቸው ይላል።"

አግዳሚው ወደ ቤት እንዲቀየር የሚያስፈልገው አንድ ደቂቃ ነው። በስልክ ልነግራት እችል ነበር። ሰው ፊት አልነበርኩም፤ ምላሴም አልታሰረም። ወይዘሮ ዘሐራ ሱቁ ውስጥ ጨርቅ ትለካለች፤ በረንዳው ላይ ብቻዬን ነኝ።

"እትየ" አልኳት፣ "እኔ መች ተማርኩ? ስድስተኛ ክፍል እንዳልዘለልኩ እርስዎ ያውቃሉ።"

ከዚያች የመጀመሪያ ቀን በኋላ አንቱ ብያት አላውቅም ነበር። ሰማችው። ትንፋሿ ቆመ። ስልኩን ዘጋሁት።

አንባቢዎቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ብታዝኑልኝ እንኳ በሁለተኛው አይገባኝም። ያ አውጫጭኝ ከእኔ ምን እንደወሰደ ብትጠይቁኝ ሥራዬን አልላችሁም፤ ሥራስ የተሻለ አገኘሁ። ድሮ ዝም የምለው ፈርቼ ነበር። ያን ቀን ግን ዝምታ ሰው መጣያ እንደሚሆን አየሁ፤ ቆይቼም ተጠቀምኩበት። ከእናንተ መሐል የሚያውቀውን ይዞ ጥግ ላይ የቆመ ዓይነ አፋር ካለ፣ ገመዱ በእጁ ሳለ ይናገር። ቢስቁበትም ይናገር። እየቆየ ሲሄድ መናገር እንዳልቻለና መናገር እንዳልፈለገ ራሱም መለየት ያቅተዋል።

ባለፈው ፋሲካ ገሳይ ወረድኩ። እትየ ዘነበች ተመልሳ ከእናቴ ቤት በታች እንደምትኖር ሰማሁ። እናቴ "ሂጂና ጠይቂያት እንጂ፤ ከተማ ያስገባችሽ እሷ ናት" አለችኝ። እሺ አልኳት። አልሄድኩም።

በማግሥቱ እናቴ ወንዝ ወርዳ ሳለ በር ላይ ሰው ቆመ። እትየ ዘነበች ነበረች፤ በአንድ እጇ ዱላ፣ በሌላው መርፌና ክር ይዛለች። ፊት ለፊቴ ቆማ አየችኝ፤ አላየችኝም። ዓይኗ ነጭ ለብሷል።

"እናትሽ የለችም?" አለች። "በይ ልጄ፣ ይህን ክር ሰክተሽ ስጪኝ።"

መርፌውን ተቀበልኳት። እንደ ድሮው በመጀመሪያው ሙከራ ገባልኝ። እጇን ፈልጌ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት።

"እግዜር ይስጥሽ" አለች። "ማን ልበል?"

ዝም አልኩ።